አሥራ ሁለት ጊዜ ልክ

ጋሽ ኮረብታን ከአፈር ሥር ሲያወጧቸው ቀኝ እጃቸው ደረት ኪሳቸውን ጨብጦ ነበር። ኪሱ ውስጥ በፕላስቲክ የተጠቀለለ አንድ ወረቀት ተገኘ። ዕለቱ አርብ ነው፤ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ሰማዩ ገና አልጠራም ነበር።

እውነተኛ ስማቸው ሌላ ነው፤ ይህን ቅጽል ያወጣላቸው ሥራቸው ነው። የድንጋይ ካባ ተቆፍሮ ሲያልቅ የሚቀረውን የተከመረ አፈር በኮምፒውተር ይነድፉታል፤ ዶዘር ደግሞ እሳቸው በነደፉት ልክ ኮረብታ ያደርገዋል። ሃያ ዓመት ሠርተው አንድም ኮረብታ ተንዶባቸው አያውቅም። የተናደው የመጨረሻው ነው፤ እሱም በላያቸው ላይ።

ሥራ አስኪያጁ ምክንያቱን ለማግኘት ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የተዳፋቱ መስመር ግርጌው ላይ ገደል ሆኗል። ለውጡ የተመዘገበው ማክሰኞ ነው፤ የተመዘገበውም በረዳት ነዳፊዋ ስም። ረዳት ነዳፊዋ ደግሞ የሟቹ ልጅ ናት።

ሰኞ ጠዋት መርማሪዋ ቢሮው ስትደርስ ልጅቱ ፊት «ጥፋቱ የእኔ ነው» የሚል ወረቀትና እስክሪብቶ ተቀምጦ ነበር። ከፈረመች የሚጠብቃት እስር ብቻ አይደለም፤ ዕድሜ ልኳን አባቷን የገደለች ልጅ ሆና ልትኖር ነው። እሷም ልትፈርም እጇን ዘርግታለች።

«እስክሪብቶውን አስቀምጪው ልጄ» አለች መርማሪዋ።

አጭር ሴት ናት፤ ጫማዋ ጭቃ አጥቶ አያውቅም። ባልደረቦቿ ከኋላዋ «እትዬ ለምን» ይሏታል፤ እሷም ታውቃለች፤ አልከፋትም። ሥራ አስኪያጁ ነገሩ እኮ ግልጽ ነው ብሎ ሊጀምር ሲል በሩን አሳየችውና ወንበር ስባ ልጅቱ አጠገብ ተቀመጠች።

«እስቲ መስመሩን አሳይኝ።»

ልጅቱ ከፈተችው። ደህና ተዳፋት አናቱ ላይ ጎበጥ ይላል፤ ግርጌው ላይ ደግሞ ረጋ ብሎ ይተኛል። ይሄኛው ግርጌው ላይ ሲደርስ ተቆርጦ ቀጥ ብሎ ወርዷል። መስመሩ ላይ ነጥቦች ተደርድረዋል፤ ነጥብ በጎተቱ ቁጥር ቁልቁለቱ ይለወጣል።

«ይህን ስትሠሪ ትዝ ይልሻል?»

«ማክሰኞ መስመሩን ነክቼዋለሁ። ግርጌውን ያስተኛሁት ይመስለኝ ነበር። ግን በስሜ ነው ያለው… እጄ ተንሸራቶ ይሆናል። በገዛ እጄ ማመን አቃተኝ እትዬ።»

«የይለፍ ቃልሽን ማን ያውቃል?»

ልጅቱ በአገጯ አመለከተች። ስክሪኑ ጥግ ላይ በቢጫ ወረቀት ተለጥፏል።

«ጎበዝ! ደግሞ በትልቁ ነው የጻፍሽው» አለች መርማሪዋ። «ነጥቦቹ ላይ ያሉት ቁጥሮች ምንድን ናቸው?»

«የተቀመጡበት ተራ።»

«አንድ ቁጥር የታለ?»

ልጅቱ ጣቷን ዘረጋች፤ ጣቷ አየር ላይ ቀረ። «አናቱ ላይ» አለች ቀስ ብላ።

«ለምን ደነገጥሽ?»

«እኔ ከግርጌ ነው የምጀምረው። አባዬ ነው ያስተማረኝ። ‹ከታች ጀምሪ፤ ውሃው የሚፈትነን እዚያ ነው› ይለኝ ነበር። ከላይ ጀምሬ አላውቅም።»

መርማሪዋ ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «አባትሽ ተዳፋት ሥር ሲወርዱ ምን ያደርጋሉ?»

«አናቱ ላይ ቀይ ባንዲራ ይተክላል። ባንዲራው ካለ ማንም አፈር አይገፋም። ከድሮ ሻሼ ቆርጬ የሰፋሁለት ነው፤ አበባ አበባ አለበት።» ወደ መስኮቱ ዞረች። «ከአርብ ወዲህ አላየሁትም።»

የዶዘሩ ኦፕሬተር ከማሽኑ ርቆ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ግዙፍ ሰው ነው።

«ባንዲራ አልነበረም! በልጆቼ እምላለሁ!»

«ነበረ አላልኩህም። ስንት ሰዓት ነው የገፋኸው?»

«ሁለት ሰዓት ተኩል። የመጀመሪያዋን አፈር እንደገፋሁ መሬቱ ከሥሬ ከዳኝ።» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ታች ሰው መኖሩን ባውቅ… እትዬ፣ ለኔ እንደ አባቴ ነበሩ።»

«ግርጌውን የሠራኸው በምን ልክ ነው?»

«በችካል። ቀያሹ ይተክላል፣ እኔ ችካሉን እከተላለሁ። ወረቀት የሚያየው እሱ ነው።»

አብረው ወደ አናቱ ወጡ። ተዳፋቱ የተናደው ግማሹ ብቻ ነው፤ የቀረው ግማሽ አሁንም ጉድጓዱ ላይ አዘንብሎ ቆሟል። አናቱን የሚቆርጥ ስንጥቅ አለ። ኦፕሬተሩ ጎንበስ ብሎ ጣቶቹን ከተተበት።

«ትናንት ሁለት ጣት ነበር» አለ። «ዛሬ ሦስት ገባ።»

ከስንጥቁ ወዲህ፣ እርጥቡ አፈር ላይ፣ እንደ ብትር ክብ የሆነ ጥልቅ ቀዳዳ ነበር። መርማሪዋ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ብዙ ቆየች። እዚህ የሆነ ነገር ተተክሎ ነበር፤ ተነቅሏልም። ነፋሱ ነሐሴ ነሐሴ ይሸታል፤ ደመናው እንደገና እየከበደ ነበር።

ቀያሹን ያገኘችው ዕቃ ቤቱ በር ላይ ነው። ሱሪው የተተኮሰ፣ ጫማው የተወለወለ፣ ለስላሳ ሰው።

«ምን ዓይነት ነገር ነው እትዬ፣ ልጅቱ በጣም ነው የምታሳዝነው» አለ። «እኔ የበኩሌን አድርጌያለሁ። ረቡዕ አሥራ ሁለት ቦታ ለክቼ ፈርሜ ሰጥቻለሁ። ሽማግሌውም አጽድቀውታል፤ ኪሳቸው ውስጥ የተገኘውን አላዩትም?»

አይታዋለች። የቀያሹ የልኬት ወረቀት ግልባጭ ነው። በእያንዳንዱ ቁጥር ጎን በእርሳስ «ልክ» ተብሎ ተጽፏል፤ አሥራ ሁለት ጊዜ። በመጨረሻው ላይ እርሳሱ በርትቶ ወረቀቱን በስቶታል።

«ዕቃ ቤቱን እንየው። ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?»

«እኔ ጋ ብቻ» አለ በኩራት።

ዕቃ ቤቱ ውስጥ የመለኪያ መሣሪያው ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ጥግ ይዟል። ከእግር ወደ እግር የሸረሪት ድር ተዘርግቷል፤ ሸረሪቷም ቤቷ ውስጥ ናት። የመለኪያው ዘንግ ረጅም ማኅደር አቧራ ለብሷል፤ አፉ አካባቢ ግን አቧራው በጣት ተጠርጓል። መርማሪዋ ቁልፉን ተቀበለችው። ወጥታ ሥራ አስኪያጁን ፈለገችው።

«አርብ ዕለት ሁላችሁም ስትቆፍሩ ማን አልነበረም?»

«ማን ይቀራል? እኔ እንኳ ጥፍሬ ተነቅሏል፣ ይኸው። ቀያሹ ብቻ አምቡላንስ ሊጠራ ቢሮ ሄደ።»

«አምቡላንሱ መጀመሪያ ደረሰ ወይስ እሱ?»

ሥራ አስኪያጁ ወደ ቢሮው ዞሮ አየ። «አምቡላንሱ» አለ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጅቱን፣ ሥራ አስኪያጁን፣ ኦፕሬተሩንና ቀያሹን ከተዳፋቱ ግርጌ ሃያ እርምጃ ርቀት ላይ አቆመቻቸው። በላያቸው ያልተናደው ግማሽ ጥቁር ሆኖ ይታያል። አልፎ አልፎ ጠጠር ይንከባለላል፤ ጠጠር በወረደ ቁጥር ሁሉም ቀና ይላሉ።

«ኮምፒውተሩ ይህ ግርጌ ማክሰኞ ገደል ሆነ ይላል» ብላ ጀመረች። «የቀያሹ ወረቀት ግን ረቡዕ ዕለት ግርጌው የተኛ ነበር ይላል። ለምን?»

«እኔ የለካሁትን ነው የጻፍኩት» አለ ቀያሹ።

«ደግ። ከለካህ መሬቱ ረጋ ያለ ነው ማለት ነው። ይህ የቀረው ክፍል ካንተ ችካል፣ ከአንድ ዶዘር የወጣ ነው። ሂድና ሥሩ ቁም።»

ቀያሹ ከቆመበት አልተነቃነቀም።

«ወረቀትህ ላይ እኮ የሚያስፈራ ነገር የለም። አምስት ደቂቃ ብቻ።»

ቀያሹ ወደ ላይ አየ። ከዚያ ሳይታወቀው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፤ ደግሞ ሌላ። የተወለወለው ጫማው ጭቃ ውስጥ ገባ።

«አልለካህም» አለች መርማሪዋ። «መቆሚያህ ላይ ሸረሪት ጎጆ ወጥታለች። ቁጥሮቹን ከኮምፒውተሩ ንድፍ ላይ ገልብጠህ ነው የፈረምከው፤ ችካሉንም በዓይንህ ገምተህ ተከልክ፤ ግርጌው ገደል የሆነውም በዚያ ነው። ጋሽ ኮረብታ የያዙህ በዚህ ነው። መሬት ከንድፍ ጋር አንድ ሁለት ቦታ ቢገጥም ደግ፤ አሥራ ሁለት ቦታ እስከ ሳንቲሜትሩ አይገጥምም። ‹ልክ፣ ልክ› እያሉ የጻፉት ደስ ብሏቸው አይደለም። አርብ ጠዋት ሜትራቸውን ይዘው ራሳቸው ሊለኩ ወረዱ።»

«ታዲያ የልጅቱ ንድፍስ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ረቡዕ የገለበጠው ግርጌ የተኛ ነው። እንግዲህ ረቡዕ ድረስ ንድፉ ደህና ነበር፤ ማክሰኞ ማንም ገደል አላደረገውም። አርብ ዕለት እናንተ በእጃችሁ ስትቆፍሩ እሱ ቢሮ ገብቶ የኮምፒውተሩን ቀን ወደ ማክሰኞ መለሰና በልጅቱ ስም አበላሸው። ኮምፒውተር የነገሩትን ቀን ያምናል። ግን ችካል ሲተክል እንደለመደው ከላይ ወደ ታች ሠራው፤ እሷ ደግሞ ከታች ነው የምትጀምረው። ንድፉን ሲያበላሽ ረቡዕ የፈረመውን ወረቀትም ረሳው። ሰው ያልሠራውን ሥራ ከየት ያስታውሰዋል?»

ከክንዷ ሥር የዘንጉን ማኅደር አውጥታ አፉን ደፋችው። በብትር ላይ የተጠቀለለ ቀይ ጨርቅ ወደቀ፤ ሲፈታ አበባ አበባ አለበት።

ልጅቱ ጮኸች። ኦፕሬተሩ ተንደርድሮ ቀያሹ ላይ ሊደርስ ሲል መርማሪዋ መሃል ገባች።

«ባንዲራውን ስትነቅል ጋሽ ኮረብታ አይተውሃል?» ብላ ቀያሹን ጠየቀችው።

ቀያሹ ጭቃው ላይ ተቀመጠ። «ስነቅለው ታች ሆነው ቀና አሉ» አለ። «ሰላም ያልኳቸው መሰላቸው። እጃቸውን አወዛወዙልኝ።»

ኦፕሬተሩ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ሥራ አስኪያጁም መሬት መሬት እያየ «ይቅር በይኝ» ሲላት ልጅቱ ፊቷን አዞረችበት። ማታ ቀያሹን የጫነው መኪና ሲወጣ ዝናቡ ጀመረ፤ ሌሊቱን የቀረው ግማሽ ተናደ፤ ሥሩ ግን ሰው አልነበረም።

በማግስቱ መርማሪዋ ያልተፈረመውን ወረቀት ይዛ ቢሮ ስትመጣ ልጅቱ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ አገኘቻት። ቢጫው ወረቀት ተነሥቷል። የተበላሸው መስመር ለፍርድ ቤቱ ተቀድቷል፤ ስክሪኑ ላይ ባዶ ገጽ ብቻ አለ።

«ቀደሽ ጣይው» ብላ ወረቀቱን ሰጠቻት። «ኮረብታው እንዴት ሊሆን ነው?»

«ይሠራል» አለች ልጅቱ ወረቀቱን እየቀደደች። ዓይኗን ጠረገችና፣ የመጀመሪያውን ነጥብ ግርጌው ላይ፣ አባቷ በተገኙበት ቦታ አሳረፈች።