የማይጠፋው ሞተር

«መኪና ይኸን ያህል ቤንዚን አይጠጣም! እየቀዳ እየሸጠው ነው!» የሚጡ አባት የሻዩን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ዱቅ አደረገው።

«ኧረ ተው! በዓይንህ ሳታይ ሰውን ሌባ አትበል» አለች እናቷ።

«ዛሬ ከሰዓት አብሬው ሄጄ አያለሁ። አንዲት ነገር ካገኘሁበት ቁልፉን አስረክቦ ይሄዳታል።»

ሚጡ የያዘችውን ዳቦ ሳህኑ ላይ መለሰችው። የሚወራው ስለ ጋሽ ዝምታ ነው፤ በአሮጌዋ ፒክአፕ ከአባቷ አናጢ ቤት ወንበርና ቁም ሣጥን ለደንበኞች ሲያደርስ ውሎ፣ አመሻሽ ላይ እሷን ከትምህርት ቤት ስለሚያመጣው ሹፌር። ስሙን ያወጡለት አናጢዎቹ ናቸው። «እግሩን ብትረግጠው እንኳ ‹ይቅርታ› የሚለው እሱ ነው» ይላሉ።

ቤንዚኑ የት እንደሚገባ ግን እሷ ታውቃለች።

የመኪናዋ ባትሪ ደክሟል። ሞተሯ አንዴ ከጠፋ የምትነሳው ተገፍታ ነው። በሥራ ሰዓት የሚገፉ አናጢዎች አሉ፤ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ግን ከሚጡ ሌላ ማን አለ? አንድ ቀን ስትገፋ የክፍሏ ልጆች አዩዋት፤ በማግስቱ «ባለ አንድ ፈረስ ጉልበት» ብለው ስም አወጡላት። ያን ዕለት ጋሽ ዝምታን ለመነችው።

«ጋሼ በናትህ፣ እዚህ ስትቆም ሞተሩን አታጥፋው። ለአባዬም እንዳትነግረው።»

«እሺ» አለ። ከዚያ ወዲህ ሚጡ የማጠናከሪያ ትምህርቷን ጨርሳ እስክትወጣ፣ መኪናዋ በቆመችበት ቤንዚኗን ስትጠጣ ታመሻለች።

የዚያን ቀን አመሻሽ ላይ ከትምህርት ቤቱ በር ስትወጣ አባቷ ጋቢና ውስጥ ተቀምጧል። ሞተሩ እየሠራ ነው፤ ድምፁ በሩ ድረስ ይሰማል።

«ይኸን ሁሉ ሰዓት ለምን አታጠፋውም? ተገፍታ ትነሳ የለም?» አለ አባቷ ሹፌሩን።

«ለምዶብኝ ነው።»

«ለምዶብህ? በእኔ ቤንዚን? በል አሁን ንዳ፤ ስንደርስ ቁልፉን ታስረክባለህ።»

ጋሽ ዝምታ ሚጡን አያትና ቶሎ ብሎ ዓይኑን ወደ መሪው መለሰ። እንደማይናገር ገባት። ዝም ብላ ብትገባ የሚጠይቃት የለም።

«ኧረ ፈረሷ መጣች!» አለ ከኋላዋ አንድ ልጅ። ሳቅ ተከተለ።

ሚጡ በሹፌሩ መስኮት እጇን አስገብታ ቁልፉን አዞረችው። መኪናዋ አንዴ ተንዘፈዘፈችና ጸጥ አለች።

«ምን ሆነሻል አንቺ?» አለ አባቷ።

«እንዳያጠፋው የለመንኩት እኔ ነኝ፣ አባዬ። መግፋት አፍሬ።»

መልሱን አልጠበቀችም። ቦርሳዋን የዕቃ መጫኛው ላይ ጣለችና ወደ መኪናዋ ኋላ ዞረች። የፀሐይ ሙቀት ያልለቀቀው የመኪናዋ ብረት መዳፏን ፈጀው።

«ጋሼ፣ ማርሽ አስገባ!»

የጋቢናው በር ሲከፈት ሰማች። አባቷ የወረደው ሊቆጣት ይሁን ሊያግዛት፣ ቀና ብላ አላየችም። አንገቷን ደፍታ መግፋት ጀመረች።