ያልተቆጠረችው ወር

ፍሬሕይወት ሰዎችን ፊታቸውን ሳታይ በስማቸው ታውቃቸዋለች፤ ዘሥላሴ ደግሞ ስማቸውን ሳይጠይቅ ከሩቅ በአረማመዳቸው ይለያቸዋል። እሷ ከሐዋሳ መጥታ ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ በአንድ የገብስ አምራች ገበሬዎች ዩኒየን ቢሮ፣ እግሯ ሥር ማሞቂያ አስቀምጣ የአባላቱን ዳታቤዝ ታስተዳድራለች። እሱ የአንኮበር መሪጌታ ልጅ ነው፤ ታብሌቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ከጋቢው ሥር እንደያዘ ተራራ ለተራራ እየዞረ ገበሬ ይመዘግባል። እሷ ሳትቸኩል አትውልም፤ እሱ ሰላምታውን ሳይጨርስ ወደ ጉዳዩ አይገባም።

እነዚህን ሁለት ሰዎች ያገናኛቸው የአንኮበር ጉም ነበር። ባለፈው ዓመት ለሥልጠና ስትሄድ የተሳፈረችበት ሚኒባስ መንገዱ አልታይ ብሎት ቆመ። ከጎኗ የተቀመጠው ዘሥላሴ ስትንቀጠቀጥ አይቶ ጋቢውን ደረበላት።

«አንተስ?»

«እኔና ብርዱ ተለማምደናል፤ አንቺን ነው የማያውቅሽ።»

ሳቀች። ጉሙ ሲገለጥ ጋቢውን ልትመልስለት አሰበች፤ እጇ ግን እንቢ አላት። ጋቢው ደብረ ብርሃን ከረመ። ዘንድሮ ሰኔ ሲገባ ሽማግሌ መላክ ብቻ ነበር የቀራቸው።

ጣጣው የመጣው በዚያው ሰኔ ነው። ምርጥ ዘር የሚሰጣቸው ገበሬዎች ዝርዝር ሲወጣ፣ ዘሥላሴ ከመዘገባቸው ብዙዎቹ የሉበትም። አንኮበር ላይ «የመሪጌታ ልጅ ዘመዶቹን አስገብቶ እኛን ጣለን» ተባለ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ሀብታሙ ስብሰባ ጠርተው ፍሬሕይወትን ጥፋቱ የማን እንደሆነ ጠየቋት።

«መረጃው ከአንኮበር ሲመጣ ተበላሽቶ ነው የመጣው» አለች፤ ሳታጣራ፣ ቶሎ ወደ ሥራዋ ለመመለስ ብላ።

ዘሥላሴ ከሥራ ታገደ። አልተከራከረም። እሷ ካለች ልክ ነው ብሎ አመነ።

ከሰዓት በኋላ ዝርዝሩን የሚያወጣውን ፕሮሲጀር፣ ማለትም ዳታቤዙ ውስጥ ተቀምጦ በተጠራ ቁጥር የሚሠራውን ተከታታይ ትእዛዝ፣ መስመር በመስመር ፈተሸችው። ስም በጽሑፍ ነው፤ ያልፋል። የመሬት ስፋት በቁጥር ነው፤ ያልፋል። የምዝገባው ቀን ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። የጠፉት ገበሬዎች በሙሉ የተመዘገቡት በጳጉሜን ነበር። ዘሥላሴ ቀኑን አገሩ እንደሚቆጥረው ጽፎታል፤ ፕሮሲጀሩ ያንን ጽሑፍ ወደ ቀን ሊቀይረው ሲሞክር፣ አሥራ ሁለት ወር ብቻ የሚያውቀው ማሽን አሥራ ሦስተኛውን አልቀበልም ይላል። ከወራት በፊትም ብሎ ነበር። ያን ጊዜ የስህተት መልእክቱ ቢያሰለቻት «መቀየር ያልቻለውን ባዶ አድርገህ እለፍ» የሚል መስመር የጨመረችው ራሷ ናት። መልእክቱ ዝም አለ። ቀጥሎ ያለው መስመር ደግሞ ቀን የሌለውን ገበሬ ሁሉ ጣለ።

ዘሥላሴ የጻፈው ላይ አንድም እንከን አልነበረም።

የራሷን መስመር ሰረዘች፤ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን ለየብቻ በቁጥር አስቀመጠች። ስሞቹ ተመለሱ። የእሱ ስም ግን በማሽን የሚመለስ አልነበረም።

አመሻሽ ላይ ዘሥላሴ የቢሮዋን በር አንኳኳ። በእጁ በጨርቅ የተቋጠረ ቆሎ ይዟል።

«እናቴ ልካልሽ ነው። እኔ እሑድ ወደ ደብረ ሲና ልወርድ ነው፤ አጎቴ የጭነት መኪና ረዳት ይፈልጋል።»

«ለምን?»

«አባቴ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ሰው ፊቱን እያዞረበት ነው። እኔ ዞር ብል ይሻላል።» ከዚያ ሊያስቃት አውራ ጣቱን አነሣ። «ለመሆኑ በምኔ አበላሸሁት? ይኼ ሞረድ የሚያህል ጣቴ ይሆን?»

አልሳቀችም። እውነቱን በመናገር ፈንታ ቋጠሮውን ተቀበለችው።

«ቆሎው... ይጣፍጣል» አለች፤ ገና ሳትቀምሰው።

ቅዳሜ ጠዋት አቶ ሀብታሙ ቤት ሄዳ ሁሉንም ነገረቻቸው። ከዚያ ጋቢውን ደርባ ወደ አንኮበር ተሳፈረች። በአባቱ በመሪጌታ ወልደኪዳን ቤት ቤተሰቡ ልጁን ለመሸኘት ተሰብስቧል። እናቱ ወይዘሮ አልታየች እጃቸውን ዘርግተው ተነሡ።

«የኔ ልጅ መጣች!»

«አይሳሙኝ እማማ፤ መጀመሪያ ልናገር።»

በር ላይ እንደቆመች ተናገረች፤ የስብሰባውንም፣ የመስመሩንም፣ የዝምታዋንም።

«እና ቆሎዬን በላሽው?» አሉ ወይዘሮ አልታየች።

«አልወረደልኝም።»

መሪጌታ ጢማቸውን ያዙ። «በሰው ፊት ያጠፋሽውን በሰው ፊት ትመልሺዋለሽ?»

«ነገ ከቅዳሴ በኋላ፣ ገበሬዎቹ ባሉበት እናገራለሁ። ዘሩም ሰኞ ይመጣላቸዋል።»

ዘሥላሴ ተነሥቶ ወደ ውጭ ወጣ። ፍሬሕይወት ጋቢውን አጥፋ መደቡ ላይ አስቀመጠችና ለመሄድ ዞረች። ደጃፉ ላይ፣ ጠጉሩ በካፊያ ርሶ፣ ፊት ለፊት ገጠማት።

«እያወቅሽ ነው ይጣፍጣል ያልሽኝ?»

«እያወቅሁ ነው።»

«ማሽኑ መሳሳቱ አይደለም ያመመኝ። ይጣፍጣል ማለትሽ ነው።»

ዐይኗን አላሸሸችም። ከዚያ አልፏት ገብቶ ጋቢውን ከመደቡ አነሣና ወደ ቤተሰቡ ዞረ።

«ደብረ ሲና አልሄድም። ነገ ስትናገር አጠገቧ እቆማለሁ። ሽማግሌዎቹም ሐዋሳ ይሄዳሉ፤ የሚነሡት ጳጉሜን ሦስት ነው፣ ለሩፋኤል።»

«በዚያ ዝናብ? መስከረም ቢጠባ ምን አለበት?» አሉ እናቱ።

«በጳጉሜን ይሁን እማዬ» አለ፣ ጋቢውን እየደረበላት። «ይቺ ልጅ ያችን ወር ዳግመኛ እንዳትዘላት።»