የሻይ ቀማሚዋ ቅዳሜዎች

ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዎቿን ጨርቅ ታለብሳለች፤ መቀሱን፣ ሜትሩንና የተረፈውን ቁርጥራጭ ከሰፊው መቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ጠራርጋ አራት ወንበር ትደረድራለች። ከዚያ ወዲያ ደንበኛ ቢያንኳኳ «ሙሽራም ብትሆን ሰኞ ና» ነው መልሷ። ቅዳሜ ከሰዓት የጓደኞቿ ነው።

ከመንገዱ ማዶ ከእናቷ ጋር ሻይ ቤት የምታሠራው ልጅ ፔርሙዞቿን አንጠልጥላ ትመጣለች። ሻይ መቀመም እንደ እሷ የሚያውቅበት ስለሌለ «ቅመም» ይሏታል። የሁሉንም አመል ለይታ ታውቃለች። ለልብስ ሰፊዋ ጥቁር፣ ቅርንፉድ የበዛበት፣ ስኳር ያልነካው፤ ለሒሳብ መምህሩ ቀጠን ያለ ባለ ዝንጅብል፣ ስኳሩ ግን ማንኪያ የሚያቆም፤ ለራሷ ናና ብቻ። አራተኛው ወንዝ ዳር ካለው የአባቱ አረቄ ማውጫ ቤት የሚሠራ ወጣት ነው። እሱ ደግሞ የቤቱን ጠርሙስ ይዞ ይመጣል፤ እንደ ውሃ የጠራ፣ ጉሮሮ እየላጠ የሚወርድ። በትንንሽ ብርጭቆ ሲቀዳ መድኃኒት የሚለካ ይመስላል። መምህሩ «ይሄ ሰው አረቄ አይደለም የሚቀዳልን፣ የዓይን ጠብታ ነው» ካለ ወዲህ ስሙ ጠብታ ሆኖ ቀረ።

ቅመም አረቄ አትቀምስም። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለች አባቷ በመጠጥ ሞቷል። ሁሉም ያውቃሉ፤ አንድም ቀን «እስቲ ቅመሺ» ብሎ ያስቸገራት የለም። የእነሱን ሞቅታ በናናዋ ታጅባለች፣ ልብስ ሰፊዋ ስለ ደንበኞቿ ወገብ ስታማ አብራ ትስቃለች፣ ሲመሽባት ብርጭቆዎቿን ሰብስባ ትሄዳለች።

ጠብታን ወደዚያ ጠረጴዛ ያመጣው ሱሪ ነበር። ሊያሳጥር መጥቶ ቆሞ ሲለካ ቅመም ፔርሙዟን ይዛ ገባች። ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን በከንፈሯ እንደያዘች «ለእንግዳውም ቅጂለት» አለች። ቀዳችለት። ፉት አለና «ዝንጅብሉ ደስ ይላል» አለ።

ዝንጅብል የሚባል አልነበረበትም። ቀረፋና ሄል ነበር፣ እሱም በዛ ተደርጎ፣ ከበር የሚጣራ ሽታ ያለው። ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ አየችው። ቅመም ግን ያየችው ፊቱን ነው። ደረጃ ያለ መስሎት እግሩን ባዶ ላይ እንዳሳረፈ ሰው ደንግጧል።

«አዎ» አለች ፈጠን ብላ፣ «ዛሬ ትንሽ ጣል አድርጌበታለሁ።»

ስትወጣ ተከትሏት ወጣ። ሱሪው ገና በስፒል እንደተያዘ ነበር።

«ዝንጅብል አልነበረበትም አይደል?»

«አልነበረበትም።»

«ታዲያ ለምን ሸፈንሽልኝ?»

«ፊትህን አየሁት» አለች። ያን ጊዜ ነው መንገድ ዳር ቆሞ ለአባቱ እንኳ ያልነገረውን የነገራት። ከዓመት በፊት ትኩሳት ጥሎት ነበር፤ ትኩሳቱ ሲለቀው ማሽተትን ይዞበት ሄደ። አረቄ ሲወጣ መጀመሪያ የሚንጠባጠበው መርዝ ነው፣ ዓይን ያጠፋል፣ ሰው ይገድላል። መርዙ የት ላይ አልቆ ደህናው የት ላይ እንደሚጀምር የሚለየው አፍንጫ ነው። አባትየው አርጅተው የእሳቸውም ደክሟል፤ በልጃቸው አፍንጫ ይተማመናሉ። እሱ ደግሞ በሰዓት እየገመተ፣ እየፈራ፣ ግማሹን እየደፋ ይኖራል።

«ማሽተት የማይችል አረቄ አውጪ፣ ጣት የሌለው ልብስ ሰፊ ማለት ነው» አለ፣ ሊስቅ እየሞከረ።

ቅመም ሦስት ቀን ነገሩን በሆዷ ይዛ ከረመች። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሻይ ቤቱ ሳይከፈት ወደ ወንዝ ዳር ወረደች። በሩ ላይ የአረቄው ሽታ ተቀበላት። የአባቷ ኮት ሽታ ነበር። ግድግዳውን ይዛ ጥቂት ቆመች፤ ከዚያ ገባች።

ከዚያ ጠዋት ጀምሮ ሥራቸው አንድ ሆነ። እሱ ከመዳብ ቱቦው ጫፍ የሚንጠባጠበውን በትንሽ ኩባያ ተቀብሎ ይዘረጋላታል፤ እሷ ጎንበስ ትላለች። «ገና ነው» ትላለች። እንደገና ይዘረጋል። «ገና።» እንደገና። «አሁን።» በዚህች «አሁን» በምትል ቃል መቀበያው ማሰሮ ይቀየራል። አባትየው ከፀሐይ በኋላ ስለሚመጡ የሚያዩት ያለቀለትን ነው፤ «የልጄ እጅ ተመለሰ» እያሉ ለጎረቤት ያወሩ ነበር።

አንዳንድ ቀን እሳቱ እስኪበርድ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው «ዛሬ አገሩ ምን ምን ይላል?» ይላታል። ከዳቦ ቤቱ የሚመጣውን፣ ልብስ ሰፊዋ በካውያ ያሳረረችውን ጨርቅ፣ ሌሊት የዘነበበትን አቧራ አንድ በአንድ ትነግረዋለች። ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል።

አንድ ጠዋት ኩባያው ሳይዘረጋ ቀረ። ቀና ስትል ዝም ብሎ እያያት ነው።

«ምነው?» አለችው።

«ፊትሽን ሳይ ረሳሁት።»

ያን ቀን ያወጡት በሙሉ ተደፋ። ሁለቱንም አልቆጫቸውም።

ልብስ ሰፊዋ ማንም ሳይነግራት አወቀች። «እኔ የሰው ልክ ስወስድ ነው የኖርኩት፣ እናንተ በሁለት ወንበር መሃል የምትተዉት ክፍተት በየሳምንቱ በሁለት ጣት እየጠበበ ነው» አለቻቸው። መምህሩ ስሌቱ ትክክል መሆኑን አረጋገጠ።

እሑድ ቀን ጠብታ መምህሩን በሽምግልና አስከትሎ ወደ ሻይ ቤቱ ሄደ። የቅመም እናት በዝግታ የምትናገር፣ ጎረቤት የሚያከብራት ሴት ናት። አስቀመጠቻቸው፣ በእጇ ቀዳችላቸው፣ የመጡበትን እስከ መጨረሻ ሰማች። ከዚያ ወደ ጠብታ ዞረች።

«ልጄ፣ አንተን የምጠላበት ምክንያት የለኝም። ጨዋ ልጅ ነህ። ግን ባሌ የሞተ ዕለት የጠጣው ከእናንተ ቤት የወጣ ነው። ጠርሙሱን ከጣቱ ያላቀቅኩት እኔ ነኝ።»

ቅመም ይህን ሰምታ አታውቅም። ጠብታም አያውቅም።  አንገቱን እንዳቀረቀረ ሥራውን እንደሚተው ተናገረ።

«ዓመት ሙሉ እጅህን ከዚያ ቤት አውጣ» አለች እናትየው። «ከዚያ በኋላ ተመልሰህ ጠይቀኝ፣ እምቢ አልልህም።»

በሳምንቱ መጋዝ ቤት ተቀጠረ። አባቱ አኩርፈው ለብቻቸው መሥራት ጀመሩ። ቅዳሜው ቀጠለ፤ ጠርሙሱ ግን ከጠረጴዛው ጠፋ። «እናንተ ተፋቀራችሁ፣ የተቀጣሁት እኔ» ይላል መምህሩ፣ ባለ ዝንጅብሉን በሐዘን እያማሰለ። ቅመም ወሩን በልቧ ትቆጥር ነበር። ልብስ ሰፊዋ ከደህና ጨርቅ አንድ ጥቅል ለይታ ከመደርደሪያ በስተኋላ ደብቃለች።

በዘጠነኛው ወር አንድ ቅዳሜ ጠብታ ዘግየት ብሎ መጣ። ቅመም ኮቱን ተቀብላ ልትሰቅልለት ስትል እጇ አየር ላይ ቀረ። ከኮቱ አንገትጌ አረቄ ሸተታት። የጠጪ ትንፋሽ አልነበረም፤ ገና ከቱቦው የሚወርደው፣ ትኩሱ፣ መጀመሪያ የሚደፋው ነበር። ከእሷ በላይ የሚያውቀው የለም። እሱ ደግሞ ራሱን ማሽተት አይችልም።

«ጠዋት የት ነበርክ?» አለችው፣ ድምጿን ሳትቀይር።

«መጋዝ ቤት» አለ።

ኮቱን ሰቀለች። ሻይ ቀዳች። የአባቷ «ከእንግዲህ በቃኝ» የሚል መሐላ ትዝ አላት፣ ሁልጊዜ ከዚያ ሽታ ጋር የሚመጣው። ብርጭቆ እንኳ ሳታንኳኳ እስከ መጨረሻው ተቀመጠች፤ ከዚያ በኋላ ግን የልብስ ሰፊዋን ደጃፍ አልረገጠችም።

ጠብታ ሻይ ቤት ድረስ መጣ። ሥራ ላይ ናት በይልኝ ብላ እናቷን ላከች። አራት ጊዜ መጣ፣ አራቱንም ጊዜ ከጓዳ አልወጣችም። እናትየው ምን ሆናችሁ ብትል ቅመም «ቃሉን አልጠበቀም» ብቻ አለች። እናትየው «የፈራሁት ደረሰ» አላለችም። ብርጭቆ እያጠበች ልጇን በጎን ታያት ነበር።

አንድ ወር ተኩል አለፈ። አንድ ጠዋት አንድ ሽማግሌ በከዘራ እየተደገፉ፣ ቀኝ እግራቸውን እየጎተቱ ሻይ ቤቱ ገቡ። ቅመም በዓይናቸው አወቀቻቸው፤ የጠብታ ዓይን ነው። እናትየውም አወቀች። ወንበር ሳበችላቸው።

«እህቴ» አሉ ሽማግሌው፣ «የባለቤትዎን ነገር ከልጄ ነው የሰማሁት። አሥራ ሦስት ዓመት ሳላውቅ ኖሬያለሁ። ይቅርታ የምለምንበት ፊት የለኝም። የመጣሁት ስለ እሱ ልናገር ነው።»

ከክረምቱ ጀምሮ ቀኝ ጎናቸው ሰንፎ ነበር። ለማንም ሳይናገሩ በአንድ እጅ ማውጣቱን ቀጠሉ። ልጃቸው ደረሰበት። ይተዉ ብሎ ለመናቸው፤ እምቢ አሉ፣ ሌላ ሥራ አያውቁም። እሱም በየጠዋቱ ከመጋዝ ቤት በፊት እየመጣ የመጀመሪያውን ይደፋ ጀመር።

«ሽታ እንደማይለይ የነገረኝ ያን ጊዜ ነው። ስለማይለይ ግማሹን ደፋው። ተናደድኩ፣ ሰደብኩት። ‹አባባ፣ ከዚህ ቤት በወጣ ነገር ሌላ ልጅ አባት አታጣም› አለኝ። አንድ ጠብታ በአፉ አልዞረም።» ከዘራቸውን አየት አደረጉ። «ማውጫውን ማሰሮ በገዛ እጄ ሰብሬዋለሁ። ዘግይቼ ነው። ዛሬ በስድስት ሰዓት አውቶቡስ ይሄዳል፣ ሩቅ፣ የእንጨት ሥራ አግኝቶ። ሂዱና ንገሯት ብሎ አልላከኝም።»

 የቅመም እናት ከኋላዋ መጥታ የሽርጧን ቋጠሮ ፈታችላት።

«ሩጪ» አለቻት።

ሮጠች። አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ሻንጣ እየተጫነ ነበር። ጠብታ ሲያያት አልተገረመም፣ ፈገግም አላለም። ከወረፋው ወጥቶ መጣ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለች፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

«ብነግርሽ ልታሸቺልኝ ትመጪ ነበር። መጥተሽም እናትሽን ትዋሻለሽ። እሱን አልፈለግኩም።»

«አጥፍቻለሁ። ይቅር በለኝ።»

«ቂም የለኝም» አለ። አልዋሸም፣ ከድምፁ ለየችው። «አንድ ጊዜ ጠየቅሽኝ፣ ዋሸሁሽ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ግን ቅመሜ፣ ሁለተኛ ብትጠይቂኝ አልዋሽሽም ነበር። አራት ጊዜ በራችሁ ላይ ቆሜ ያንኑ ጥያቄ ጠበቅኩ።»

እንዲቀር ለመነችው። አባቱ ለእናቷ የተናገሩትን፣ እናቷ ያደረገችውን፣ ሁሉንም ነገረችው።  ሹፌሩ ሞተሩን አስነሳ።

«ብቀር» አለ በመጨረሻ፣ «ወደ እኔ በቀረብሽ ቁጥር ዛሬ ደግሞ ምን አገኘችብኝ እያልኩ ነው የምኖረው። እኔ ደግሞ ምን እንደምሸት አላውቅም።»

እጇን እንጨት ባሻከራቸው ሁለት እጆቹ ያዘው። ከዚያ ለቀቃትና አውቶቡሱ ላይ ወጣ። በመስኮት በኩል አልተቀመጠም።

ሦስት ደብዳቤ ጻፈችለት። ለመጀመሪያው መልስ መጣ፤ ጤና ነኝ፣ ሥራው ደህና ነው፣ እናትሽን ሰላም በይልኝ። ለሁለቱ አልመጣም። ልብስ ሰፊዋ ያን ጥቅል ጨርቅ ለሌላ ሙሽራ ሰፋችው፤ ሰፍታ ስትጨርስ ለቅመም ነገረቻት።

በሦስተኛው ዓመት ሽማግሌው ሞቱ። ጠብታ ለቀብር መጣ፣ ሚስቱን ይዞ። ከቀብር በኋላ ባልና ሚስቱ አውቶቡስ እስኪደርስ ሻይ ቤቱ ገቡ፤ ሌላ የሚቀመጡበት አልነበረም። ሚስቱ እርጉዝ ናት፣ ፊቷ የደከመ፣ ደግ ዓይን ያላት። ቅመም ትሪ ይዛ ስትመጣ ጠብታ ከወንበሩ ተነሳ።

«እንደምን ነዎት?» አላት።

ለእናቷ የሚናገር መስሏት ወደ ኋላ ዞር ብላ አየች። ከኋላዋ ማንም አልነበረም።

«ደህና ነኝ» አለች። ቀጥላም፣ እያንዳንዱ ቃል እየከበዳት፣ «እርስዎስ እንደምን ነዎት? እግዜር ያጽናዎት።»

«የሻይ ቤቱ ባለቤት ናቸው» አለ ለሚስቱ። ሚስትየዋ ከመንገዱ ወዲህ የተስማማት ነገር ይህ ሻይ ብቻ እንደሆነ ነግራ፣ አፍራ፣ ሁለተኛ ብርጭቆ ለመነች። ቅመም ቀዳችላት። እንዳይፋጃትም በሁለት ብርጭቆ እያገላበጠች አቀዘቀዘችላት። ጠብታ በዚህ ሁሉ መሃል መንገዱን ነበር የሚያየው።

ሄዱ። ቅመም ጠረጴዛውን ወለወለች፣ የተወለወለውን እንደገና ወለወለች። እናቷ በሩን ከውስጥ ቆለፈች፣ መጋረጃውን ጋረደች፣ መጥታም ጨርቁን ከእጇ ወሰደችባት።

«አሁን አልቅሺ» አለቻት።

ሻይ ቤቱ በጠራራ ፀሐይ ተዘግቶ የዋለው ያን ቀን ብቻ ነው።