ጀርባውን ሰጥቶ ያዳምጥ የነበረው ሰው

አማካሪው ወንበሩን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ ሞቷል። ማጅራቱን ላላየ ሰው እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል። ሹሉ የብረት ወረቀት መብሻ ደም እንደነካው ከወንበሩ ሥር ወድቋል። ግድግዳው ላይ ወደ ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ የላካቸው ወጣቶች ፎቶግራፍ ተደርድሯል፤ ሁሉም ይስቃሉ።

መርማሪዋ ደጃፉ ላይ ቆማ ክፍሉን ቃኘች። ሰውየው ለሁለተኛ ዲግሪ የሚያመለክቱ ወጣቶች ስለ ራሳቸው የሚጽፉትን የግል መግለጫ በማረም ይተዳደር ነበር። ጽሑፉ አንባቢውን ሳያስለቅስ ስለማይለቅ «ጋሽ እንባ» ይሉታል። እሷም ባሕር ማዶ ለመማር እንዲህ ያለ መግለጫ ጽፋለች፤ «ምን መከራ አሳለፍሽ?» የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ደሟን ያፈላዋል። መከራ ያላየ ሰው ማሰብ አይችልም እንዴ?

«ነገሩ አልቋል» አላት ሃምሳ አለቃው። «ከምሳ ስመለስ ሞቶ አገኘሁት የምትለው የገዛ ጸሐፊው ናት። ጠዋት ሲጣሉ ጎረቤት ሰምቷል። ካቴና አጥልቄላታለሁ።»

«ነገር ሲያልቅ እኔ እነግርሃለሁ» አለችው።

ጸሐፊዋ የታሰሩ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ኮሪደሩ ውስጥ ተቀምጣለች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ያለቀሰችው ግን በንዴት ነው።

«አዎ፣ ተጣልተናል! ወንድሜን ወንዝ ነው የወሰደብኝ። አምኜው ነገርኩት። እሱ የወንድሜን ሞት ለማንም ሲያድል ከረመ! የማንም ሞልቃቃ ‹ወንድሜ ሰጠመ› እያለ ዩኒቨርሲቲ ገባበት። ብገድለው ደስ ባለኝ። ግን አልገደልኩትም።»

«ወንበሩን ለምን ወደ ግድግዳ አዞረው?»

«ሰው ስለ ራሱ ሲያነብለት ልማዱ ነው። እንዳያፍሩ ብሎ ጀርባውን ይሰጣቸዋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። ለእኔ ግን ከዚያ ሁሉ ስድብ በኋላ ጀርባውን ይሰጠኛል? ክፉ ነው እንጂ ሞኝ አይደለም።»

ከእሷ ትይዩ አግዳሚው ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። እጃቸው በእሳት ፍንጣሪ ተነቋቁሯል።

«እርስዎስ አባባ?»

«በያጅ ነኝ። ልጄ እዚህ ቀጠሮ አለው፤ ከፈተና ሲወጣ ይመጣል። ልጠብቀው ብዬ ነው» አሉ፤ ዓይናቸው ከጸሐፊዋ ካቴና ላይ አልተነሳም።

መርማሪዋ ወደ ክፍሉ ተመለሰች። ፀሐይ በመስኮቱ ወለል ብሎ ገብቷል፤ የጠረጴዛው መብራት ግን በርቷል። ገመዱ እስኪወጠር ድረስ ወደ ጠርዙ ተስቧል፣ ብርሃኑም ወደ ላይ፣ ሰው ወደሚቆምበት ቦታ ዞሯል። ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው መብራቱን እንዲህ አያደርገውም።

የሚቀጥለው ክፍል ከሟቹ ጋር የሚሠራው ተርጓሚ ቢሮ ነው። ወፍራም መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

«መግለጫው መጀመሪያ በገዛ ቋንቋችን ይጻፋል፤ ከዚያ እኔ እተረጉመዋለሁ። ያው፣ እነሱ ይዋሻሉ፣ እኔ ሰዋስዉን አስተካክላለሁ።»

«በምሳ ሰዓት ምን ሰሙ?»

«የሚያነበው ሰው ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ አልለየሁትም። ጋሽ እንባ ግን ሲያርም ይጮሃል። ‹ግሩም ነው! ግን አባትየው ቢሞት ይሻላል፤ ካልሞተ አያስለቅስም› ሲል ሰማሁት። ከዚያ ዝም አለ። ምሳ የሄደ መሰለኝ።»

«አባቱ ያልሞተበት መግለጫ የማን ነው?»

ተርጓሚው ፈገግ አለ። «አሁን እጃችን ላይ ካሉት የአንድ ልጅ ብቻ ነው። የሌሎቹን አባቶች ጨርሰናቸዋል። ይሄኛው ሰካራም ነው፣ በቀበቶ ይገርፋል፣ የልጁን ደብተር ያቃጥላል።»

«ይህ ልጅ የማን ልጅ ነው?»

«የአንድ በያጅ።»

ልጁ ከፈተና እንደተመለሰ፣ አስከሬኑ ከተነሳ በኋላ፣ መርማሪዋ ሁሉንም አማካሪው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሃምሳ አለቃው ቃላቸውን የጻፈበትን ወረቀት አንብበው እንዲፈርሙ አደላቸው። ተርጓሚው መነጽሩን አድርጎ እዚያው አነበበ። ጸሐፊዋ ወረቀቱን አየት አድርጋ በታሰረ እጇ ጫረችበት። በያጁ ግን ተነስተው ወደ መስኮቱ ሄዱ፤ ወረቀቱን አፍንጫቸው ላይ ሊለጥፉት ምንም አልቀራቸው።

መርማሪዋ ፈርመው እስኪቀመጡ ጠበቀች።

«ሟቹ ጀርባውን የሚሰጠው ለሚያነብለት ሰው ነው። ስለዚህ ገዳዩ እያነበበለት ነበር። ያነበበው አባቱ ያልሞተበትን መግለጫ ነው፤ እሱም የዚህ ልጅ ነው።»

ልጁ ብድግ አለ። «እኔ ፈተና ላይ ነበርኩ!»

«ነበርክ፤ መምህርህን ጠይቄያለሁ። ወረቀቱን የት ተውከው?»

«ቤት… ትራሴ ሥር።»

«ከማን ጋር ትኖራለህ?»

ልጁ ወደ አባቱ ዞረ።

«አንባቢው በጠራራ ፀሐይ መብራት ያስፈለገው ሰው ነው። እዚህ ካሉት ሰዎች ለማንበብ ብርሃን ፍለጋ የተነሱት እርስዎ ብቻ ነዎት፣ አባባ።»

ሽማግሌው አልካዱም።

«ዓይኔን ብየዳ በላው። ይህን ልጅ ለማስተማር! መጠጥ በአፌ ዞሮ አያውቅም። እጄን አንስቼበት አላውቅም። ጠይቁት!»

«እውነት ነው» አለ ልጁ እያነባ።

«‹ይህን ማነው ያስጻፈው?› ልል መጣሁ። ወረቀቱን ሲያይ ‹አንብብልኝ› ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ማን እንደሆንኩ እንኳ አልጠየቀኝም። ‹እኔ እንዲህ ነኝ?› ልለው መብራቱን ስቤ አነበብኩለት። እሱ ግን ‹አባትየው ቢሞት ይሻላል› አለኝ። ለእኔ! ከዚያ ምን እንዳነሳሁ አላውቅም። እጄ ነው ያነሳው።»

ሃምሳ አለቃው አቀርቅሮ የጸሐፊዋን ካቴና ፈታ። የእጇን አንጓ እያሸች ሽማግሌው ፊት ቆመች።

«እኔ ታስሬ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው አዩኝ፤ አይደል?»

«ልጄን አንዴ ልየውና እናገራለሁ ብዬ ነበር። ግን አይቼውም ሳልናገር ፈረምኩ። ለዚህስ ይቅር በይኝ የምልበት አፍ የለኝም።»

«የለዎትም!» አለች፤ ቦርሳዋንም አንስታ በሩን በርግዳው ወጣች።

ልጁ አባቱ እግር ሥር ተንበረከከ። «አባዬ፣ ካለዚያ አይቀበሉህም አለኝ እኮ! ችግር ከሌለህ ማን ያነብሃል አለኝ!»

«እንግዲህ እንደገና ጻፍ» አሉት ቀና ብለው። «አባቴ ነፍሰ ገዳይ ነው በል። እሱ ውሸት የለበትም።»

ልጁ የአባቱን እጅ ሊይዝ ሲዘረጋ፣ ሃምሳ አለቃው ቀድሞት ነበር።