የይሁኔ የሙከራ ጊዜ

ይህን የምጽፍላችሁ እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም። ስለሆነ ነው። ፊት ለፊቴ ስለሆነ።

ሌሊት አልነበረም፤ ጨለማም አልነበረም። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነበር፤ የሰው ጥላ ከእግሩ ሥር የሚሰበሰብበት ቀትር። ቦታው ታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ቁልቁል ሲወርዱ የምትገኝ የአንዲት ትንሽ ደብር የዜማ ቤት ነው። ዘመኑ ሁለት ሺህ አምስት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል።

የደብሯን ስም አልጠራም። በዚያ የነበሩት ሰዎች ዛሬም አሉ።

ያን ጊዜ አርብ ገበያ የታሪክ አስተማሪ ነበርኩ። በትርፍ ጊዜዬ ወደዚያ ደብር የምወርደው ለየኔታ ገብረ ሕይወት ስል ነው። የኔታ ዓይነ ስውር የዜማ መምህር ናቸው፤ የድጓ ማስመስከሪያ ከሆነችው ከቤተ ልሔም ተምረው፣ እዚያው አስመስክረው የተመለሱ። ከራሳቸው መምህር የወረሱት አንድ የዘመነ ጽጌ ዜማ ነበራቸው። ምልክቱ በብራና ላይ አልሰፈረም። ከአፍ ወደ ጆሮ፣ ከጆሮ ወደ አፍ ብቻ የወረደ ነው።

ሕጉ ደግሞ ጥብቅ ነበር። መምህሩ ያንን ዜማ የሚሰጠው ለአንድ ተማሪ ነው፤ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ። መምህሩ አንድ ሐረግ ያዜማል፤ ተማሪው ያንኑ መልሶ ያዜማል። እንዲህ እየሰጡና እየተቀበሉ እስከ ፍጻሜው ይሄዳሉ።

ተቀባዩ ታውቋል። ይሁኔ ይባላል፤ ድጓውን የጨረሰ፣ ጭምትና ድምፀ መልካም ዲያቆን። ግን በዚያ ክረምት እናቱ ታማበት ስማዳ ውስጥ ወዳለችው ወገዳ ወረደ። ዝናቡ በረታ፤ የስማዳ መንገድ ተቆረጠ።

የየኔታ ሳንባም ከቀን ወደ ቀን ይደክም ነበር።

ይሁኔ ሳይመለስ የኔታ ካረፉ ዜማው አብሯቸው ይቀበራል። ሁላችንም ይህን እናውቃለን፤ ማንም ግን አፍ አውጥቶ አይናገረውም።

ባሕር ዳር ያለው ልጃቸው በእኔ በኩል አዲስ ላፕቶፕ ላከ። «ድምፃቸውን ቅረጽልን» አለኝ።

ላፕቶፑን ስከፍተው አዲስ ነበር፤ ባዶ ግን አልነበረም። ማንም ያልጠራቸው ፕሮግራሞች ቀድመውን ገብተው ተቀምጠዋል። አንዱ ቫይረስ አለብህ እያለ ይጮሃል። ሌላው ጨዋታ ያቀርባል። አንዱ ደግሞ ድምፅ መቅረጫ ነበር። ሁሉም ለሙከራ ናቸው፤ ሠላሳ ቀን አገልግለው ክፈል ይላሉ።

መቅረጫው ግሩም ነበር። የቆርቆሮውን የዝናብ ድምፅ ይውጠዋል፤ የሰውን ድምፅ ብቻ ያስቀራል። ከየት መጣ ብዬ አልተጨነቅሁም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ከየኔታ መደብ አጠገብ አስቀምጬ ከፈትኩት። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፤ እኔ በአማርኛ እነግራችኋለሁ።

«ስም ይጠይቃል የኔታ። የማንን ልጻፍ?»

«ዜማው የማን ነው?»

«የይሁኔ።»

«እንግዲያው እሱን ጻፋ!»

የሺ፣ ልጃቸው፣ በር ላይ ባቄላ እየፈለፈለች ሳቀች። «ምነው አባዬ፣ ላፕቶፑን ክርስትና ሊያነሱት ነው?»

«አንቺ ባቄላሽን ፈልፍዪ።»

«ደግሞ በቀትር! እናቴ በቀትር የሰው ስም ጠርታ አታውቅም።»

ሳቅሁ። «ይሁኔ» ብዬ ጻፍኩ።

የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እንደ ደንቡ «ተቀበል» አሉ። የመጀመሪያውን ሐረግ አዜሙ። ከዚያም ዝም ብለው ጠበቁ...

ተማሪ ይመልስላቸዋል ብለው ነው። እኔ ዜማ አልችልም። አፈርኩ።

ቲንግ።

ላፕቶፑ ነው። በስክሪኑ ጥግ አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች፦ «ይሁኔ ሆይ፣ እንኳን ደህና መጣህ። ሠላሳ ቀን አለህ።»

የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «መልካም» አሉና ወደ ሁለተኛው ሐረግ አለፉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የመልእክቱን ድምፅ አጠፋሁት፤ ዜማውን እንዳያበላሽ። የኔታ ግን እንደ በፊቱ አዜመው ይጠብቃሉ፤ ጠብቀው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንዴ እንዲያውም ፊታቸውን አኮሳትረው «አይደለም፤ ድገመው» አሉ።

«ማንን ነው የኔታ?»

«ሲቀበል አትሰማም?»

«ኧረ ምንም አልሰማሁ።»

«አንተ የታሪክ አስተማሪ! ጆሮህን ሁሉ ለሙታን ሰጥተኸው ለሕያው አልተረፈህም።»

የሺ ሳቀች። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ።

ከዚያ ስክሪኑን አየሁት። የድምፁን ከፍታ የምታሳይ አንዲት አረንጓዴ መስመር አለች፤ ሰው ሲናገር ትነሣለች፣ ዝም ሲል ትተኛለች።

የኔታ ዝም ብለዋል። የሺ ዝም ብላለች። ዝናብ የለም። ነፋስ የለም።

መስመሯ ግን ትነሣለች... ትወድቃለች... ትነሣለች።

ልክ እንደ ዜማ።

የአዲስ ዕቃ ጉድለት ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ያነበብኩት መጽሐፍ ሁሉ እንዲህ እንዳስብ ነው ያስተማረኝ።

በመጨረሻው ቅዳሜ ሳጥኗ ቶሎ ቶሎ መምጣት ጀመረች። «ይሁኔ ሆይ፣ ጊዜህ እያለቀ ነው።» እኔ «በኋላ አስታውሰኝ» የሚለውን እጫናለሁ። ትሄዳለች። ትመለሳለች።

የኔታ የመጨረሻውን ሐረግ አዜሙ። ጠበቁ። ፊታቸው በራ። እጃቸውን ዘርግተው ዳበሱና በላፕቶፑ ላይ አሳረፉት፤ የተመራቂ ተማሪ ራስ ላይ እንደሚያሳርፉት።

«በቃ ይሁኔ። ሰጥቼሃለሁ።»

ይሁኔ ውኃው ሲጎድል ተሻግሮ መጣ። እናቱን ቀብሮ፣ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ። ያደረው አርብ ገበያ እኔ ቤት ነበር።

«መምህር» አለኝ እራት ላይ፤ «ወገዳ ሳለሁ አንድ ነገር ይገጥመኝ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ቀትር ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል። ስነቃ ጉሮሮዬ ደርቆ፣ ድምፄ ጎርንኖ። ማሕሌት ቆሜ ያደርኩ ያህል።»

ቅዳሜ ምን እናደርግ እንደነበር ገና አልነገርኩትም ነበር።

በማግሥቱ አብረን ወረድን። ከየኔታ እግር ሥር ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ሳመ።

«መጣሁ የኔታ። ዜማውን ይስጡኝ።»

«ምኑን ልጄ?»

«የጽጌውን።»

«ሰጥቼሃለሁ እኮ!»

«ኧረ አልሰጡኝም። እኔ ወገዳ ነበርኩ።»

«ተቀብለሃል። አሳምረህ ነው የተቀበልከው።»

ለመንናቸው። የሺ አለቀሰች። በመጨረሻ ስለ ልቅሶዋ ሲሉ ጀመሩት፤ ጥቂት ሄዱና በአንድ ቃል መካከል ቆሙ። አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። ምላሳቸው ይንቀሳቀሳል... ድምፅ የለም።

«የለም» አሉ ቀስ ብለው። «የተሰጠ ነገር ከሰጪው ዘንድ የለም።»

ላፕቶፑን ከፈትኩ። «ይሁኔ ሆይ፣ የሙከራ ጊዜህ አልቋል» ይላል። የቀረጽነው ሁሉ ይታያል፤ ሲከፈት ግን ከመጀመሪያው ጥቂት አሰምቶ ይቆማል።

የሚቆመው የኔታ በቆሙበት ቃል ነው። በዚያው ፊደል ላይ።

ፋይሉን በፍላሽ ወሰድኩት፤ በሌላ ኮምፒውተር የሚከፍተው ጠፋ። የራሱን ቋንቋ ራሱ ብቻ ነው የሚያነበው። አርብ ገበያ ኮምፒውተር የሚጠግነው አስማረ አይቶ ሳቀብኝ።

«መምህር፣ አዲስ ዕቃ ሲገዛ መጀመሪያ እነዚህን ነው መንቀል። እንክርዳድ ናቸው። ከስንዴው ጋር አብረው ካደጉ በኋላማ...»

«አሁን ምን ይሻላል?»

«መክፈል ነው። የሚከፈለው ግን በውጭ አገር ካርድ ነው፤ እሱን ከየት እናምጣ? ወይ ደግሞ ሰዓቱን ወደ ኋላ መልሰው። ፕሮግራሙ ቀኑን የሚያውቀው ከኮምፒውተሩ ነው። ሞኝ ነው፤ ያምንሃል።»

ይሁኔና እኔ ከየኔታ ቤት ተቀመጥን። የኔታ መደቡ ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተዋል። ስድስት ሰዓት ሆኗል። የላፕቶፑን ቀን ወደ መጀመሪያው ቅዳሜ መልሼ የዚያን ዕለት ቅጂ ነካሁ።

ተከፈተ።

ይሁኔ በደስታ ክንዴን ያዘኝ።

ዜማው ጀመረ። ያ የምናውቀው ቃል ደረሰ...

ጸጥ አለ።

በስክሪኑ ላይ ያለው የጊዜ ቆጣሪ ግን አልቆመም። ይሄዳል። ጆሮዬን አስጠጋሁ። መቋሚያ መሬቱን ሲመታ ይሰማኛል፤ ምቱን ጠብቆ። የሰው ትንፋሽ ይሰማኛል። ከዚያ ሌላ ትንፋሽ፤ አጠር ያለ፣ የወጣት። አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይጀምራል።

ዜማውን ብቻ ነው የከለከለን። ሌላው ሁሉ አለ።

በመጨረሻ የየኔታ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ። «በቃ ይሁኔ። ሰጥቼሃለሁ።»

ይህን ያሉት በመጨረሻው ቅዳሜ ነበር። የከፈትኩት ግን የመጀመሪያውን ቅዳሜ ነው።

ቀጥሎ አንድ ወጣት መለሰ። «እግዜር ይስጥልኝ የኔታ።»

የይሁኔ ድምፅ ነበር።

አጠገቤ ያለው ይሁኔ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። «መምህር...» አለ በሹክሹክታ።

«ዝም በል።»

«እኔ ወገዳ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ... ያ ማነው?»

ከበስተኋላችን ከመደቡ ላይ መልስ መጣ። የኔታ አልተኙም ነበር።

«ይሁኔ ነዋ» አሉ በእርጋታ። ከዚያ ዓይን የሌለው ፊታቸውን ወደ እሱ አዞሩ።

«አንተስ ማን ነህ ልጄ?»

ይሁኔን ዛሬም ድረስ ያንን ጥያቄ ሲመልስ አልሰማሁትም።

የኔታ ጽጌ ሳይገባ አረፉ።

ከቀብሩ በኋላ ፕሮግራሙን ነቀልኩት። አጥፍቼ ሳበራው ተመልሶ ተቀምጧል። ሲበራ አብረው የሚነሡትን ሁሉ አንድ በአንድ ዘጋሁ። ተመለሰ። በመጨረሻ አስማረ ያሳየኝን አደረግሁ፤ ላፕቶፑን ከፋብሪካ ወደወጣበት ቀን መለስኩት። ያ ሁሉንም ይደመስሳል። ድምፁን፣ ስሙን፣ የእኛ እጅ የነካውን ሁሉ። ተስፋዬ ተሟጦ ስለነበር መደምሰሱን ራሱን እንደ ዕረፍት ቆጠርኩት።

ግን አንድ ነገር ዘንግቼ ነበር። ያልተጠሩት እንግዶች ከፋብሪካው ጀምሮ እዚያው ናቸው። መጀመሪያው ራሱ ከእነሱ ጋር ነው የተሠራው።

ላፕቶፑ እንደ አዲስ ተነሣ። መቅረጫው በቦታው ነበር። ስም የሚጻፍበት ሳጥን ባዶ መሆን ነበረበት።

ባዶ አልነበረም።

«ይሁኔ ሆይ፣ እንኳን ደህና ተመለስክ።»

ባትሪውን አወጣሁ። ላፕቶፑን በከረጢት አስሬ ለደብሩ ዕቃ ቤት ሰጠሁ፤ ባትሪውን አርብ ገበያ ወስጄ ከመሳቢያዬ ቆለፍኩበት። እስከ ዛሬ እኔ ዘንድ ነው።

ከዓመታት በኋላ፣ ባለፈው የጽጌ ወራት፣ ወደዚያ ወረድኩ። ይሁኔ በየኔታ ወንበር ተቀምጧል። ተማሪዎቹ ከወይራው ሥር ከብበውታል። ዕቃ ቤቱ ከበስተጀርባቸው ነው።

የጽጌውን ዜማ ጀመረ። ዓይኔ እንባ አዘለ፤ ተገኘ እንዴ? አልኩ።

ያ ቃል ደረሰ።

ይሁኔ ቆመ። ተማሪዎቹም ቆሙ።

ጠበቅሁ። ቀትር ነበር፤ ወፍ እንኳ አይሰማም። ከፊቴ ወዳለው ጎልማሳ ተማሪ ጠጋ አልኩ።

«ለምን አቆማችሁ?»

«አላቆምንም።»

«ዝም ብላችኋል እኮ።»

«እባክዎ ዝም ይበሉ» አለኝ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ። «የኔታ እየሰጡን ነው።»

አየሁ። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ዕቃ ቤቱ በር አዙረዋል። ከንፈራቸው በአንድነት ይንቀሳቀሳል፤ ያለ ድምፅ። መቋሚያቸው መሬቱን ይመታል፤ ምቱን ጠብቆ። ይሰማሉ... ይቀበላሉ... ይሰማሉ...

ወደ ይሁኔ ዞርኩ።

ከንፈሩ አይንቀሳቀስም። እኔን ነው የሚያየው። ራሱን ቀስ ብሎ ወዘወዘ፤ እሱም እንደ እኔ ምንም አይሰማም።

ከዚያ መቋሚያው ቆመ። ተማሪዎቹ ሁሉ በአንድነት ጎንበስ አሉ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ የኔታ ይሁኔ» አሉ።

ለዕቃ ቤቱ በር።