የካፕሎንጋይ ዘጠነኛው ምዕራፍ

ዶክተር ኢላይጃ ቹምባ ረቡዕ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ባለው የድንጋይ ደረጃ ላይ በጀርባቸው ተንጋለው፣ ራሳቸው ወደ ታች፣ እግራቸው ወደ ላይ ሆኖ ሞተው ተገኙ። ሌሊቱን ዘንቦ ስለ ነበር ደረጃው ርሷል። ከሩጫ ሜዳው ላይ ጭጋጉ ገና መገፈፉ ነበር።

ኢንስፔክተር ሎይስ ጄሮቲች ስትደርስ የካፕሎንጋይ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ፕሮፌሰር ስታንሊ ላጋት ከአስከሬኑ ሁለት እርምጃ ርቀው ቆመው በስልክ ስለ ድንኳን ይነጋገሩ ነበር።

«አዎ፣ ቅዳሜ ነው። የተለወጠ ነገር የለም» ብለው ስልኩን ዘጉ። «እንኳን ደህና መጡ፣ ኢንስፔክተር። አሳዛኝ አደጋ ነው። ሽማግሌ ሰው፣ እርጥብ ደረጃ... ቅዳሜ ሃምሳኛ ዓመታችንን እናከብራለን፤ ሚኒስትሩም ይገኛሉ። ጉዳዩ እስከ ነገ ቢያልቅልን?»

«ሰውዬው ገና ከደረጃው አልተነሡም፤ እርስዎ ድንኳን ይተክላሉ» አለቻቸው።

ተንበረከከች። ወፍራም መነጽር በሟቹ አንድ ጆሮ ላይ ተንጠልጥሏል። ከደረት ኪሳቸው ደግሞ ሌላ መነጽር አወጣች። የመጀመሪያውን ለረዳቷ ለሳጅን ዋፉላ ሰጠችው።

«አድርገውና ደረጃውን ውረድ።»

ሳጅኑ አደረገውና አንድ እግሩን አንሥቶ ቆመ። «ማዳም፣ እንኳን ደረጃው የገዛ እግሬም አይታየኝ። ይሄ የማንበቢያ ነው።»

«የመሄጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነበር» አለች ሎይስ፤ ቀና ብላም ከደረጃው በላይ ያለውን በር አየች።

በሩ የዋንጫና የመዛግብት ክፍል መግቢያ ነው። ሟቹ ሠላሳ አምስት ዓመት ታሪክ ያስተማሩ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ከግቢው ያልራቁ ሰው ነበሩ፤ ተማሪዎቹ እንደ አባት አክብረው «ሙዜ» ይሏቸዋል። በዐሥራ አንድ ተማሪና በአንድ የከብት መስክ የተጀመረው ካፕሎንጋይ፣ ዘጠኝ መቶ ተማሪ እንኳ ሳይሞላ በሯጮቹ እንዴት ስመ ጥር እንደ ሆነ የሚተርከውን የበዓሉን መጽሐፍ እንዲጽፉ አደራ የተሰጣቸውም እሳቸው ነበሩ። ጽሑፉ ጠረጴዛው ላይ ተከምሯል። ሎይስ ገለጠችው፤ ከምዕራፍ ስምንት ቀጥሎ የሚመጣው ምዕራፍ ዐሥር ነው።

«ዘጠኝ የት ሄደ?»

የመዛግብቱ ጠባቂ ወይዘሮ ታቢታ ኮስጌይ እጅ እጇን አየች። ከወጣትነቷ ጀምሮ እዚህ የሠራች፣ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ናት። «ትናንት ነበር» አለች። «ሙዜ እንደ ልማዳቸው ዐሥራ ሁለት ተኩል ላይ ገቡ። እኔ ከፈትኩላቸውና ጸሎት ቤት ሄድኩ፤ እስከ ሁለት ሰዓት እዚያ ነበርኩ። ዜማ የምመራው እኔ ነኝ።»

«ምን ይላል ምዕራፍ ዘጠኝ?»

«አላነበብኩትም» አለች፤ ቶሎ ነው ያለችው።

ፕሬዚዳንቱም አላነበቡትም። ሆኖም ማክሰኞ በስብሰባ ላይ ምዕራፉ ካልወጣ መጽሐፉ አይታተምም ብለው በሟቹ ላይ ጮኸዋል።

«ሳያነቡት?» አለች ሎይስ።

«ስለ አንዲት ሯጭ ሞት ነው፣ ዩኒቨርሲቲውን ያሳፍራል ብለው ራሳቸው ነገሩኝ። እኔ የመጣሁት ከስምንት ዓመት በፊት ነው፤ የድሮ ቁስል ለምን እቆሰቁሳለሁ? ስም አንዴ ከጠፋ አይመለስም፣ ኢንስፔክተር።»

«ሰውም አይመለስም። ጠዋት የት ነበሩ?»

«ቢሮዬ። ብቻዬን።» ፊታቸው ቀላ። «እኔን ነው የሚጠረጥሩት?»

«ምን ያስቸኩልዎታል? ተራዎ ሲደርስ እነግርዎታለሁ።»

አስከሬኑን ያገኘው የሜዳው ሠራተኛ ሆሴያ ኪማዮ ነው። ዕድሜው አርባ አምስት ነው፤ መሮጫውን በኖራ የሚያሰምረው፣ ሣሩን የሚያጭደው እሱ ነው። ማክሰኞ ማታ ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ተሰምቷል።

«ጮኼባቸዋለሁ» አለ ሳይደብቅ። «ሟቿ ሯጭ እህቴ ናት። ሰሊና። ሃያ ዓመቷ ነበር። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ከዚህ ሬሳዋን በመኪና አምጥተው ‹ከቤት ይዛው የመጣችው ወባ ነው› አሉን። እናቴ በዚያ ሳምንት ቤት መጥታ ስትንቀጠቀጥ አይታት ሐኪም ቤት አልወሰደቻትም ነበር። እስከ ዛሬ ‹ልጄን እኔ ገደልኳት› ትላለች።»

«ሙዜ ሌላ ነገር አገኙ?»

«ወባ አይደለም አሉኝ። ታዲያ ጥፋቱ የማነው ስላቸው ‹የተከሰሰ ሰው ሳይሰማ አይጻፍበትም፤ ነገ ጠዋት ጠርቼዋለሁ፤ ከእሱ በኋላ ስሙን እነግርሃለሁ› አሉኝ። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ጠብቄ እሱ ይቀድመኛል ብዬ ጮኽኩ። ጠዋት እቃ ቤት ቁጭ ብዬ ሁለት ሰዓት እስኪሆን ጠበቅኩ። የጠበቅኩት ግን ሬሳ ነው።»

ሎይስ ወጥታ ወደ ሜዳው ወረደች።

አሰልጣኝ ኢዝኪኤል ሮኖ በመቀመጫዎቹ አጠገብ ሯጮቹን ሰብስበው ያጽናኑ ነበር። ስልሳ አራት ዓመታቸው ነው። የግቢው ግድግዳ ሁሉ በሳቸውና በሻምፒዮኖቻቸው ፎቶግራፍ የተሞላ ነው።

«ሙዜ ወንድሜ ነበሩ» አሉ። «እኔ ከዐሥራ ሁለት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ከልጆቼ ጋር ሜዳ ላይ ነበርኩ። ስምንት መቶ ሜትር ዐሥር ጊዜ። ይኸው፣ የእያንዳንዷ ሰዓት።» ደብተራቸውን ሰጧት። ቁጥሮቹ በጥንቃቄ ተጽፈዋል።

«ደብተሩን ላቆየው?»

«ምን ገዶኝ።»

ሎይስ ሯጮቹን ለብቻቸው አነጋገረቻቸው።

«አሰልጣኙ የት ቆመው ነበር?»

«ከወዲያኛው መታጠፊያ ባሻገር፣ ጉብታው ላይ። ሁልጊዜ እዚያ ናቸው።»

«አይታችኋቸዋል?»

ተያዩ። «ጭጋግ ነበር እኮ ማዳም፤ በአጠገቡ ስናልፍም ጉብታው አይታይም። መነሻው ጋ ሆነን በራሳችን ሰዓት ነው የምንነሣው። ግን ሁልጊዜ እዚያ ናቸው።»

ከኋላ አንዲት ልጅ ጫማዋን አውልቃ ተቀምጣለች። ናኦሚ ቼቤት ትባላለች። ቁርጭምጭሚቷ አብጧል።

«አንቺስ ምን ሆንሽ?»

«ስድስተኛው ላይ እግሬ ዞረብኝ። መነሻው ጋ ቁጭ ብዬ ጓደኞቼን ጠበቅኩ። ለአሰልጣኙ ልነግራቸው ስል የሙዜ ነገር ተሰማ፤ በዚያ መሀል ማን የኔን እግር ያስታውሳል?»

ሎይስ ልጅቷን አመስግና ወደ መዛግብቱ ክፍል ተመለሰች። ወይዘሮ ታቢታን ሰሊና የሞተችበትን ዓመት መዝገብ ሁሉ እንድታወርድ አዘዘቻት። ሴትዮዋ ሁሉንም አወረደች፤ የታችኛውን መደርደሪያ ግን ዘለለችው። ሎይስ ራሷ ጎንበስ ብላ ከዚያ አንድ የደብዳቤ ማስረከቢያ ደብተር መዘዘች። ደብዳቤ የሚረከብ ሁሉ የሚፈርምበት ነው። ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳርፋ ወደ ታቢታ ቀና አለች። ታቢታ ማልቀስ ጀመረች።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አራቱ፣ ፕሬዚዳንቱ፣ አሰልጣኙ፣ ሆሴያና ታቢታ፣ በዋንጫዎቹ መካከል ተቀመጡ። ዋፉላ በሩ ላይ ቆመ። ሎይስ አልተቀመጠችም።

«ሙዜ አልተንሸራተቱም» አለች። «ደረጃ ሲወርድ የሚንሸራተት ሰው እግሩ ይቀድማል። እሳቸው ግን ራሳቸው ቀድሞ ነው የወደቁት፣ ያውም በጀርባቸው። ፊታቸውን ወደ በሩ፣ ጀርባቸውን ለደረጃው ሰጥተው ቆመው ነበር ማለት ነው። ያደረጉት የማንበቢያ መነጽር ነው። እየወረዱ አልነበረም፤ ደጃፉ ላይ በብርሃን ለአንድ ሰው ወረቀት እያነበቡለት ነበር። ያ ሰው ገፋቸው።»

«ማን?» አለ ሆሴያ።

«ቆይ። ሙዜ ሰው ሳይሰሙ አይጽፉበትም። ያን ጠዋት የጠሩት ምዕራፍ ዘጠኝ የሚከሰውን ሰው ነው። አንተ እህትህ ስትሞት መንደር ነበርክ። ፕሮፌሰር፣ እርስዎ የመጡት ከስምንት ዓመት በፊት ነው። ጥፋትዎ ሌላ ነው፣ እደርስበታለሁ። በዚያን ዓመት እዚህ ይሠሩ የነበሩት ወይዘሮ ታቢታና አሰልጣኝ ሮኖ ናቸው። ታቢታ ጸሎት ቤት ዜማ ስትመራ ሠላሳ ሰው አይቷታል፤ አጣርቻለሁ።»

አሰልጣኙ ፈገግ አሉ። «እኔንም ስምንት ሯጮች አይተውኛል።»

«አንዷም አላየችዎትም። ጭጋግ ውስጥ አለ ብለው አመኑ እንጂ። ደብተርዎ ላይ ናኦሚ ቼቤት ዐሥር ጊዜ ሮጣለች፤ ዐሥረኛው ከሁሉ ይፈጥናል፣ ሁለት ደቂቃ ከሃያ ሁለት ሰከንድ። ናኦሚ ግን ከስድስተኛው በኋላ አልሮጠችም። እግሯ ዞሮ መነሻው ላይ ተቀምጣ ነበር። ያላየኸውን ሩጫ ሰዓት ጻፍክለት።»

«እርስዎ» ማለቷን እንዳቆመች ሁሉም ልብ አለ። ፈገግታው ከሮኖ ፊት ላይ ጠፋ።

«ዛሬ ምዕራፉን፣ ያኔም የሐኪሙን ደብዳቤ ወስደህ አጠፋህ። ወይዘሮ ታቢታ ያኔ በጸሐፊነት የያዘችውን ደብተር ግን ከቁም ነገር አልቆጠርከውም።» የማስረከቢያውን ደብተር ገለጠች። «‹ከሐኪም፣ ስለ ሰሊና ኪማዮ የልብ ሕመም፣ አስቸኳይ።› የተቀበለ፣ ኢ. ሮኖ። ከመሞቷ ሁለት ቀን በፊት። ወይዘሮ ታቢታ፣ ደብዳቤው ምን ይል ነበር?»

ታቢታ ቀና ሳትል ተናገረች። «ልቧ ታሟል፣ አንድ እርምጃ እንኳ እንዳትሮጥ ይላል። እኔ ነኝ የሰጠሁት። ‹እሑድ ውድድር አለብን፤ ካንቺና ከኔ በቀር ማንም አይወቅ› አለኝ። ዐርብ ልምምድ ላይ ወደቀች።»

«ሃያ ስድስት ዓመት ዝም አልሽ» አለች ሎይስ።

«ፈራሁ። በኋላ ደግሞ ለመናገር የረፈደ መሰለኝ።»

ሮኖ ከመቀመጫው ተነሣ። «ልገድለው አልሄድኩም። ወረቀቱን ልቀማው ስል... ይህን ግቢ የሠራሁት እኔ ነኝ። ያለ እኔ ዛሬም የከብት መስክ ነበር። ስንት ልጅ ለእንጀራ አበቃሁ፤ በአንዲት ልጅ—»

«ስሟን ጥራ» አለ ሆሴያ።

ሮኖ ፊቱን ወደ ዋንጫዎቹ አዞረ።

«ሃያ ዓመት ሙሉ መሮጫህን አሰመርኩልህ። ጠዋት ጠዋት ሰላም ስትለኝ ‹እህትህ ጀግና ነበረች› ትለኝ ነበር። እኔም እግዚአብሔር ይስጥልኝ እልህ ነበር። አሁን ስሟን ጥራ።»

ሮኖ አልጠራም። ዋፉላ እጁን ይዞ ወሰደው።

ፕሮፌሰር ላጋት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ኢንስፔክተር፣ ፍትሕ ይፈጸም። ግን ምክንያቱን... የግል ጠብ ነበር ቢባል ምን ይጎዳል? ልጅቷን የሚመልሳት የለም።»

«ሙዜን የገደላቸው ይኸው ቃል ነው» አለች ሎይስ። «እርስዎ ማክሰኞ ‹አውጣው› ሲሉ፣ የዚህ ግቢ አለቃ ከማን ጋር እንደ ቆመ ሮኖ ገባው። በሕግ የምይዝዎት ነገር የለኝም፤ ያናድደኛል። የታቢታን ቃል ግን ዛሬ በጽሑፍ እቀበላለሁ፣ ፍርድ ቤትም በአደባባይ ይነበባል። ድንኳንዎን ከፈለጉ ይትከሉ።»

ድንኳኑ ተተከለ። ቅዳሜ ግን ከሯጮቹ አንዲትም ወደ ሜዳው አልወጣችም፤ ሚኒስትሩም በመንገድ ላይ ሳሉ ነገሩን ሰምተው ተመለሱ።

በዚያው በምርመራው ዕለት፣ ረቡዕ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ሎይስ ሆሴያን በመኪናዋ ወደ እናቱ ቤት ወሰደችው። እማማ ፕሪስካ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው በቆሎ ይፈለፍላሉ። ልጃቸው አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ሁሉንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራቸው።

«ወባ አልነበረም፣ እማዬ። ሐኪሙ አትሩጥ ብሎ ነበር። አንቺ አይደለሽም።»

አሮጊቷ በቆሎውን አስቀመጡ። ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው ለመነሣት ሞከሩ፤ ሆሴያ ሊደግፋቸው ሲል እጁን ገፉት።

«ያ ሰው በቀብሯ ቀን መጥቶ ነበር» አሉ። «እዚህ ተቀምጦ ሻዬን ጠጥቷል። ‹አይዞሽ እናቴ፣ ሳታውቂ ነው› አለኝ።» ወደ ሎይስ ዞሩ። «የት ነው አሁን?»

«ጣቢያ ነው፣ እማማ።»

«ጫማዬን አምጣልኝ» አሉ ልጃቸውን።