ትዝታን የጠራት ድምፅ

ይሄ የሆነ ነገር ነው። ከሰው የሰማሁት አይደለም፤ ቆሜ ያየሁት ነው።

ብዙዎቻችሁ «በድምፅ ቅጂልን» ብላችሁኝ ነበር። ይቅርታ... አልችልም። ለምን እንደማልችል ስታነቡ ይገባችኋል።

ጊዜው መስከረም 2012 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ቦታው ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ፣ ወደ ጉና በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ አንድ ግቢ።

ሌሊት አልነበረም። ጨለማም አልነበረም።

ስሜ ዓይናለም ይባላል። ያኔ ደብረ ታቦር እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። በዚያ ሳምንት ግን ሥራዬ ማስተርጎም ነበር። ሄለና የምትባል ሴት ለአገልግሎት ከፊንላንድ መጥታ የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያናችንን የወጣት መሪዎች ታሠለጥናለች። እሷ ትናገራለች፣ እኔ እተረጉማለሁ። ሠልጣኞቹ ከየአጥቢያው የተላኩ ልጆች ናቸው።

ትዝታ ከእነሱ አንዷ ነበረች። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ቀጭን፣ የሚያፍር ድምፅ ነበራት። ለጸሎት ስትነሳ እንኳ ከኋላ ያሉት «አልሰማንም» ይሏታል።

እናቷ እትዬ እቴነሽ ማተባቸውን ያጠበቁ የገጠር ሴት ናቸው። ልጃቸው ወደ እኛ መምጣቷን አልወደዱትም። ሆኖም ሥልጠናው የተጀመረ ዕለት ራሳቸው ይዘዋት መጡ።

«የእናንተን ነገር አላውቅም» አሉኝ እጄን ይዘው። «አንቺን ግን አየሁሽ። ልጄን ላንቺ ነው የምሰጥ።»

«አይዞዎት እትዬ። እንደ እህቴ ነው የማያት» አልኳቸው።

በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ሄለና ጨዋታ አመጣች።

የዕለቱ ትምህርት ስለ እረኛና ስለ በግ ነበር። በግ የእረኛውን ድምፅ ለይቶ ያውቃል፤ የወጣት መሪም ድምፁ የሚታመን መሆን አለበት። ጨዋታው ሁለት ሁለት ሆኖ ነው። አንዱ ዓይኑን በሻሽ ይታሰራል። ሌላው እጁን ሳይነካው፣ በድምፁ ብቻ፣ ከግቢው ጀርባ ባለው ሜዳ ይመራዋል።

ሁሉም ጓደኛውን ሲመርጥ ትዝታ ብቻዋን ቀረች። እኔ መሪዋ ሆንኩ።

ሻሹን ሳስርላት ትስቅ ነበር።

«እንዳትጥዪኝ፣ እሺ?»

«ድምፄን ብቻ ስሚ» አልኳት።

ሜዳው በጫጫታ ተሞላ። «ቁም!» «ወደ ግራ!» «ድንጋይ አለ፣ ድንጋይ!» ሳቅ ነው። ሄለናም ዳር ቆማ ትስቃለች።

ከዚያ ጉሙ ወረደ።

በዚያ ወቅት ጉም ለእኛ ብርቅ አይደለም። ከጉና ይነሳል፣ ቁልቁል ይንከባለላል፣ ትንሽ ቆይቶ ይገፈፋል። ይሄኛው ግን... ሲደርስብን ሳቁ ሁሉ ባንዴ ቆመ። ወፉም ዝም አለ። አጠገቤ ያለው ባሕር ዛፍ ሲወዛወዝ አያለሁ፤ ቅጠሉ ግን ድምፅ የለውም።

ትዝታ ከፊቴ ነበረች። ጀርባዋ ደብዘዝ ብሎ ይታየኛል።

«ትዝታ፣ ቁሚ» አልኳት።

አልቆመችም።

«ትዝታ! ቁሚ አልኩሽ!»

አንገቷን ወደ ቀኝ ዘንበል አደረገች... ሰው በጆሮው ሲያንሾካሹክለት እንደሚያደርገው።

«እሺ» አለች።

ለእኔ አልነበረም።

ወደ ቀኝ ታጠፈች። እኔ ወደ ቀኝ አላልኳትም።

ያን ጊዜ ሰማሁት። ከጉሙ ውስጥ... ዝግ ብሎ...

«ነይ... አይዞሽ... እግርሽን አንሺ... ነይ...»

የሴት ድምፅ ነው። የረጋ፣ የሚያባብል። የት ነው የማውቀው አልኩ በልቤ።

የኔ ድምፅ ነበር።

በሁለት እጄ አፌን ያዝኩ። ከንፈሬ አልተንቀሳቀሰም። ድምፁ ግን ቀጠለ።

«ጎንበስ በይ... እንደሱ... ግቢ...»

ትዝታ ጎንበስ አለች። ዝቅ ባለ በር እንደሚገባ ሰው፣ አንድ እጇን ከራሷ በላይ አድርጋ ጉበኑን እየዳበሰች። ከፊቷ ያለው ባዶ ሜዳ ነው።

ሮጥኩ። እጄን ዘረጋሁ።

የጨበጥኩት ጉም ብቻ ነበር።

ጉሙ ሲገፈፍ ሁሉም ሻሻቸውን ፈትተው ቆመዋል። ትዝታ የለችም። ሜዳው ልሙጥ ነው። ገደል የለው፣ ጉድጓድ የለው።

ይሻው የሚባል ሠልጣኝ ወደ እኔ መጣ።

«እህት ዓይናለም... ወዴት ወሰድሻት?»

«አልወሰድኳትም!»

«ስትጠሪያት ሰማንሽ እኮ» አለ። «እያባበልሽ...»

ወደ ሄለና ዞርኩ። ፊቷ አመድ መስሏል። እኔም ሰምቼሻለሁ አለችኝ። አማርኛ አታውቅም፤ ድምፄን ግን ሳምንቱን ሙሉ ከጎኗ ስትሰማው ነው የሰነበተችው።

የአካባቢው ገበሬዎች ውሾቻቸውን ይዘው ወጡ። ውሾቹ ትዝታ ጎንበስ ያለችበት ቦታ ድረስ አሽትተው ሄዱ። እዚያ ሲደርሱ በሆዳቸው ተኝተው ያላዝኑ ጀመር። ቢጎትቷቸው፣ ቢመቷቸው አይነሱም።

አያ ሙላቴ የሚባሉ ሽማግሌ ወደ ጎን ሳብ አደረጉኝ።

«ጉሙ ውስጥ ሳለሽ በስሟ ጠርተሻታል?» አሉ በሹክሹክታ።

«አዎ፣ አያ።»

«ጮክ ብለሽ?»

«አዎ...»

ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እንግዲያ ስሟንም ሰምቷል፣ ድምፅሽንም ይዟል።»

«ማን ነው የሰማው? ማን ነው የያዘው?»

ጀርባቸውን ሰጡኝ። ውሻቸውን እንኳ በስሙ አልጠሩትም። በፉጨት አስነስተውት ቁልቁል ወረዱ።

ፖሊስ ጠየቀኝ። ሠልጣኞቹ ሁሉ የሰሙትን ተናገሩ፤ አልዋሹብኝም። ማስረጃ ስላልተገኘ ተለቀቅኩ። ሄለና ሳትሰናበተኝ ወደ አገሯ ሄደች። ቤተ ክርስቲያን ስገባ ምእመናኑ ቦታ ይለቁልኛል... አጠገቤ ግን የሚቀመጥ የለም።

ከሁሉ የከፋው እትዬ እቴነሽ ናቸው። አልሰደቡኝም። ቤቴ ድረስ መጥተው ደፉ ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ አልከስሽም» አሉኝ። «የት እንዳለች ብቻ ንገሪኝ። ሞታም ከሆነ ልቅበራት።»

አብሬያቸው አለቀስኩ።

ኅዳር ውስጥ ይሻው ደወለልኝ።

«እህት ዓይናለም... ትዝታ ተመልሳለች አሉ።»

«ምን?»

«እናቷ ናቸው የተናገሩ። እቤት ናት። አንቺ መጥተሽ እንድታያት ይፈልጋሉ።»

ስልኩን እንደያዝኩ ተንበረከክኩ። እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ አድርጌ አመስግኜ አላውቅም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሄድኩ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ከአስፋልቱ ወርጄ በእግሬ ስሄድ በየማሳው ገብስ ይታጨዳል፣ ሰው ይዘፍናል። ወደ እትዬ እቴነሽ ቤት ስቃረብ ግን የሚያጭድ የለም። የደረሰ ገብስ እንዳለ ቆሟል።

በር ላይ ጠበቁኝ። ጉንጬን ሳሙኝ። ከስተዋል፤ ቀሚሳቸው ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

«እውነት መጣች፣ እትዬ?»

«መጣች! ባለፈው ሰሞን ጉም የወረደ ዕለት ደጅ ቁማ ጠራችኝ። ከፈትሁላት፤ በጉሙ ውስጥ አልፋኝ ጓዳ ገባች።»

«ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ብቻ...» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ብርሃን አትወድም። ከጓዳ አትወጣም። ያቀረብሁላት እህል እንዳለ ይመለሳል።»

«ፊቷን አይተውታል?»

«ገና። ልግባ ስላት፣ ቆይ እማ፣ አልጨረስሁም ትለኛለች።»

«ምኑን ነው ያልጨረሰችው?»

ትከሻቸውን ሰበቁ። መልሱን ማወቅ የማይፈልጉ መሰለኝ።

«ድምፅዋም ተለውጧል» አሉ። «ብርድ ይሆናል። እንዲያው አንዳንዴ... ያንቺን ይመስለኛል።»

እጄን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡኝ።

ቤቱ ውስጥ ከብቶቹ ያድሩበት የነበረው ጥግ ባዶ ነው። የጓዳው በር በተሰፋ ጆንያ ተጋርዷል። እትዬ እቴነሽ ወደዚያ ዞረው ተጣሩ።

«ትዝታ! እንግዳ መጣልሽ!»



ከዚያ ከጓዳው...

«እማ... ማን ናት?»

በኔ ድምፅ። ክፍል ውስጥ ተማሪ የምጠይቅበት ድምፅ ነው። ራሴን ከውጭ ሆኜ የሰማሁ መሰለኝ።

እናትየው ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ዕንባ ሞልቷል። እንደዚያ ደስ ያላት እናት አይቼ አላውቅም።

«ንገሪያት እንጂ ልጄ። ስምሽን ንገሪያት።»

ጥርሴን ነከስኩ። እጃቸውን ያዝኩ።

«እትዬ... እንውጣ» አልኩ፣ ትንፋሼ ብቻ እየተሰማ። «እለምንዎታለሁ። አብረን እንውጣ።»

«ወዴት?» አሉ። «ልጄ እኮ እዚህ ናት።»

ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቁ። አልተቆጡም። ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ነው ያላቀቁኝ።

ጆንያው ተነቃነቀ።

ከታች አይደለም... ከመሀሉም አይደለም። ከላይ፣ ከጣራው ማገር ሥር፣ የሰው ቁመት በማይደርስበት ከፍታ ላይ፣ ጣቶች የጆንያውን ጫፍ ይዘው... ቀስ... ቀስ... እያሉ ወደ ጎን ገፉት።

እትዬ እቴነሽ ቀና ብለው አዩ። ፈገግታቸው አልጠፋም።

«እሰይ ልጄ» አሉ። «ጨረስሽ?»